ኤልኒኖ በፓሲፊክ፣ ዶፍ በጅማ፦ የሩቅ ነፋስና የቅርብ ዝናብ

የክረምት ትንበያ በተነገረ ቁጥር አንድ ቃል አብሮ ይነሳል፤ ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ። ቃሉ በሬዲዮ ይነገራል፣ በፌስቡክ ይባዛል፣ ከዚያ ወደ ጅማ ቡና ቤቶች ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ አንድ ብቻ ይሆናል፤ "ዘንድሮ ዝናብ የለም።" ሐምሌ ይገባል። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲንጫጫ ያድራል። የአዌቱ ወንዝ ይሞላል። ገበሬው ማሳው ጭቃ ሆኖበት መግባት ያቅተዋል። "ታዲያ ድርቁ የታለ?" ይባላል።

እዚህ ላይ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ትንበያው ዋሸ ይላል። ሌላው ደግሞ የአየር ንብረት ተለውጧል፣ ከእንግዲህ የሚታመን ነገር የለም ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም አንድ ነገር ስተዋል። የኢትዮጵያ ዝናብ በአንድ በር አይገባም። የጅማ በር ከወሎ ይለያል፤ ከቦረናም ይለያል። ሩቅ ውቅያኖስ ላይ የተፈጠረ አንድ ለውጥ ለሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጥም። ይህን ለመረዳት ከደመናው ከፍ ብሎ፣ ደመናውን የሚነዳውን ትልቁን የአየር ዝውውር ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት የሚምታቱ ቃላት

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። የአየር ሁኔታ ዛሬ፣ ነገ፣ ወይም በዚህ ሳምንት የሚሆነው ነው። የዛሬው ካፊያ፣ የትናንቱ በረዶ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የረጅም ጊዜ ጠባይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት መዝገብ ተይዞ ይሰላል። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች ሲባል የአየር ንብረቷ ተነገረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቃል ብዙም አይሰማም፤ የከባቢ አየር ዝውውር። መሬትን የከበበው አየር በትልቅ ስፋት የሚጓዝበት መንገድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው እሱ ነው። ነፋሱ በለመደው መንገድ ለዓመታት ሲመላለስ የአንድ አገር የአየር ንብረት ይሆናል። ከለመደው መንገድ ሲወጣ፣ ሲደክም ወይም ሲቆም ደግሞ ድርቅ፣ ጎርፍና ያልተለመደ ሙቀት ይመጣል።

ከምድር ወገብ እስከ በረሃው

ፀሐይ ምድር ወገብ አካባቢ ከአናት በላይ ሆና ታቃጥላለች። የሞቀ አየር ይቀላል፣ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እርጥበትም ደመና ሆኖ ይዘንባል። እርጥበቱን ያራገፈው አየር ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከዚያም 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርድ አየር ደመና አያበቅልም። የሰሃራና የዓረቢያ በረሃዎች እዚያ የተዘረጉት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። የወረደው አየር መሬት ለመሬት ተመልሶ ወደ ምድር ወገብ ይነፍሳል። የንግድ ነፋሳት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ይህን ዙር ነፋሱን ከመሬት መሽከርከር ጋር አያይዞ የገለጸው ጆርጅ ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1735 ነበር። ሙያው ሕግ ነበር፤ ሰማይን የሚያጠናው በትርፍ ጊዜው ነው። ዛሬም ዙሩ የሃድሊ ዝውውር ተብሎ ይጠራል። መሬት ስለምትሽከረከር ነፋሶቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ ወደ ግራ ይታጠፋሉ።

ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ነፋሶች የሚጋጠሙበት ቀበቶ አለ። የነፋሳት መገናኛ ቀጠና እንበለው። ቀበቶው ፀሐይን ይከተላል። በእኛ ክረምት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በበጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጅማ ደግሞ 7.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ቀበቶው ሲወጣም ሲመለስም ያገኛታል። ለዚህ ነው ጅማ ላይ በልግና ክረምት እንደ ሌላው አካባቢ በግልጽ የማይለዩት። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለው ወቅት አንድ ረጅም ዝናብ ይመስላል።

ይህ ማብራሪያ በትምህርት ቤት የምንማረው ነው። ስህተት አይደለም፤ ግን ያልተሟላ ነው። ባለፉት ዓመታት በርካታ ተመራማሪዎች፣ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ዝናቡ ከዚያ ቀበቶ ጋር ሁልጊዜ አብሮ እንደማይጓዝ አሳይተዋል። ተራራው፣ ሐይቁ፣ ስምጥ ሸለቆውና የሁለቱ ውቅያኖሶች ሙቀት ጉዳዩን ያወሳስቡታል። ቀበቶው የቀን መቁጠሪያውን ይነግረናል፤ የዓመቱን ልዩነት ግን አይነግረንም።

የጅማ ውሃ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያዋጣል፤ የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

በክረምት ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚነፍሰው እርጥብ አየር በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። መነሻው ለረጅም ጊዜ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በተለይ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ነው ሲባል ቆይቷል። አየሩ የኮንጎን ሰፊ ደን አቋርጦ፣ በደቡብ ሱዳን ሜዳ ላይ አልፎ፣ ከከፋና ከኢሉባቦር ተራሮች ጋር ይጋጫል። ተራራ ሲያጋጥመው መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ይዘንባል።

ኋላ ላይ የአየሩን መንገድ ወደኋላ እየተከተሉ የሠሩ ጥናቶች ግን ሥዕሉን አሻሽለውታል። በተለይ ለሰሜኑ ደጋ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በቀጥታ የሚመጣው ድርሻ ከታሰበው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የሕንድ ውቅያኖስ፣ የቀይ ባሕር፣ እንዲሁም ከመሬትና ከደን ላይ ዳግም የሚተነው ውሃ ድርሻቸው ትልቅ ነው። "ዝናባችን ከአትላንቲክ ነው" የሚለው አጭር መልስ ሳይንሱ ካለበት ደረጃ ኋላ ቀርቷል።

ለጅማ ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ይበቃል። ከተማዋ ከምዕራብ በሚመጣው እርጥበት ደጃፍ ላይ ናት። ወሎና ትግራይ የዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ናቸው። ነፋሱ ትንሽ ሲደክም መጀመሪያ የሚጎድለው ጫፍ ላይ ያለው ነው።

የበልጉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከሰሜን፣ ከሜዲትራኒያን በኩል፣ ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ወደ ደቡብ እንደ ምላስ ሰርጎ ይገባል። በዚያው ሰሞን ከዓረቢያ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥብ አየር ወደ አገራችን ከነፈሰ ሁለቱ ተገናኝተው ዝናብ ይሆናሉ። የቡና ገበሬ የሚጠብቀው የአበባ ዝናብ አንዳንዴ በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። ቡና ከደረቅ ወራት በኋላ በደንብ የሚያርስ ዝናብ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ዝናቡ ትንሽ ብቅ ብሎ ከጠፋ ግን አበባው ይከሽፋል፤ ወይም በተለያየ ጊዜ ይፈነዳና ፍሬው በአንድ ላይ አይቀላም። ስለ ሜዲትራኒያን ሰማይ ማውራት ለጎማ ወረዳና ለማና ወረዳ ቡና አምራች የቅንጦት ወሬ አይደለም ማለት ነው።

በጓሮ የሚያልፈው ነፋስ

ስለ ኤልኒኖ ሰምቶ ስለ ቱርካና ነፋስ ያልሰማ ብዙ ነው። ይህኛው ግን የጎረቤት ነው። በኢትዮጵያ ደጋና በኬንያ ደጋ መካከል ዝቅ ያለ ሰርጥ አለ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ነፋስ በዚህ ሰርጥ ሲያልፍ በቀጭን ቱቦ እንደሚገባ ውሃ ይፈጥናል። ሳይንቲስቶች የቱርካና ጄት ይሉታል። ጄት እዚህ አውሮፕላን አይደለም፤ በሰማይ ላይ እንደ ወንዝ በጠባብ መስመር የሚሮጥ ፈጣን ነፋስ ነው። ኬንያ ውስጥ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ 365 ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚህ ነፋስ ነው።

ነፋሱ እርጥበት ይዞ ያልፋል እንጂ ብዙ አያራግፍም። ስለዚህ የኦሞ ታችኛው ሸለቆና ቱርካና ደረቅ ሆነው፣ ከእነሱ በስተሰሜን ያለው የጅማ ደጋ አረንጓዴ ነው። ጄቱ የሚያይልበትና የሚደክምበት ሰሞን አለ። ሲደክም እርጥበቱ እዚሁ አካባቢ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። የተፈጥሮ ሥራ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ውስጥ ጫካና በረሃ ያስቀምጣል።

ኤልኒኖ፦ ከመሬት ማዶ ያለው ሙቀት

አሁን ወደ ዝነኛው ቃል። የኤልኒኖ መለኪያ የሚወሰድበት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ክፍል አለ። ጅማ ላይ ቆሞ መሬትን በመሃሏ ቀጥ አድርጎ የሚበሳ ሰው ቢኖር፣ ብቅ የሚለው ከዚያ ክፍል ደቡባዊ ጠርዝ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ነው። ማለትም ኤልኒኖ ለጅማ ከምድር ላይ ሊርቅ ከሚችለው ሁሉ የራቀ ነገር ነው። ታዲያ እንዴት ይነካናል?

በተለመደው ጊዜ የንግድ ነፋሳት የሞቀውን የፓሲፊክ ውሃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፉታል። እዚያ አየር ይወጣል፣ ይዘንባል። በምሥራቁ ፓሲፊክ ደግሞ አየር ይወርዳል። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው ይህ ዙር የዎከር ዝውውር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጊልበርት ዎከር ነው። ዎከር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕንድ ሚቲዮሮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ ነበር። የሕንድን ዝናብ አስቀድሞ ለማወቅ የዓለምን መዝገብ ሲያገላብጥ የዓባይን ሙላት መረጃም ተጠቅሟል። የዓባይ የክረምት ሙላት በብዛት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ስለሆነ፣ የእኛ ዝናብ ከጥናቱ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነበረ ማለት ይቻላል።

አንዳንድ ዓመት የንግድ ነፋሳቱ ይደክማሉ። የሞቀው ውሃ ወደ መካከለኛውና ወደ ምሥራቁ ፓሲፊክ ይመለሳል። የባሕሩ የላይኛው ገጽ ሙቀት ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። ተቃራኒው ላኒና ነው። የዝናቡ ሞተር ቦታ ሲቀይር በሌላው የዓለም ክፍል የሚወጣውና የሚወርደው አየርም አብሮ ይንሸራሸራል። እኛ ጋ የሚደርሰው መልእክት በዋናነት በላይኛው ሰማይ በኩል ነው። በክረምት ከሕንድ ተነስቶ በእኛ ላይ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ከፍተኛ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ ሲበረታ የክረምቱ ደመና በደንብ ያድጋል። በኤልኒኖ ጊዜ ይደክማል።

ጉዳቱ ግን እኩል አይከፋፈልም። ኤልኒኖ ከክረምት ዝናብ ጋር ያለው ዝምድና የሚጠነክረው በሰሜን፣ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ይላላል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት ኃይለኛ ኤልኒኖዎች አንዱ ተከስቶ ነበር። የአፋር፣ የሶማሌ ሲቲ ዞን፣ የምሥራቅ አማራና የምሥራቅ ኦሮሚያ አካባቢዎች ክፉኛ ተመቱ። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። የደቡብ ምዕራቡ ደን አካባቢ ግን የዚያ አደጋ ማዕከል አልነበረም።

ስለዚህ "ኤልኒኖ ነው" የሚለው ዜና ለወሎ ገበሬ ማስጠንቀቂያ ነው። ለጅማ ገበሬ ግን ደካማ ምልክት ነው። ላላ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የዝናቡ አጀማመር ሊዛባ፣ መሃል ላይ ደረቅ ሳምንታት ሊበዙ ይችላሉ። ግን ድርቅ ብሎ ለመደምደም አይበቃም።

በአንድ ክረምት ውስጥ ያለው መዋዠቅ ሌላ ምክንያትም አለው። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ ምድር ወገብን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ፣ ከ30 እስከ 60 ቀን የሚፈጅ የደመናና የነፋስ ሞገድ አለ። ማደንና ጁሊያን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1971 ስላገኙት በስማቸው ይጠራል። ሁለት ሳምንት ሲያዘንብ ከርሞ በድንገት ፀሐይ የሚሆነው አንዳንዴ በእሱ ምክንያት ነው።

የሕንድ ውቅያኖስ ፊት ሲቀየር

ለጅማ ቡና አድራቂ፣ በእኔ ግምት፣ ከኤልኒኖ ይልቅ ይህኛው ጆሮ ሊሰጠው ይገባል።

የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ሚዛን አለው። አንዳንድ ዓመት በሶማሊያ በኩል ያለው ምዕራባዊ ክፍል ይሞቃል፣ በሱማትራ በኩል ያለው ምሥራቃዊ ክፍል ይቀዘቅዛል። ሳይንቲስቶች የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይሉታል፤ ዳይፖል ማለት ሁለት ዋልታ ያለው ማለት ነው። በሚገባ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከኤልኒኖ ጋር ሲነጻጸር ገና የትናንት እውቀት ነው። ምዕራቡ ሲሞቅ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከባድ ዝናብ ይወርዳል። ምሥራቁ ሲሞቅ ደግሞ ዝናቡ ይሸሻል።

ኤልኒኖና ይህ ዳይፖል አንዳንዴ ይደጋገፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲሁም በ2023 ተገጣጥመው ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቅልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዳይፖሉ ብቻውን በአሥርት ዓመታት ያልታየ ጉልበት ነበረው። እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር ይታያል። ያው ኤልኒኖ በክረምት ሰሜኑን ያደርቃል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን ያጥለቀልቃል። ላኒና ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናና ሶማሌ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ሲከሽፍባቸው፣ በፓሲፊክ ላይ ለሦስት ዓመት የዘለቀ ላኒና ነበር። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤልኒኖ ገባ፤ ከብቱ ያለቀበት መሬት በጎርፍ ተመታ።

የዚህ ዝናብ ዋና ጉልበት ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ላይ ነው። ሆኖም ሲበረታ ወደ ምዕራብም ይሰፋል። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጅማ ላይ እሸት ቡና የሚለቀምበት፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ነው። የአካባቢው ቡና በብዛት ሳይታጠብ ከነገለባው ይደርቃል። ለዚያ ተከታታይ ፀሐያማ ሳምንታት ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን የሚመጣ ዝናብ ለሜዳው ሣር በረከት ነው፤ ለስጡ ግን ሻጋታ። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ቀለሙ ይበላሻል፣ ጣዕሙ ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ድርቅ ብቻ ነው ጉዳት ብሎ ለሚያስብ ይህ ጥፋት ጨርሶ አይታየውም።

ደኑ ነው ወይስ ውቅያኖሱ?

ጅማ ውስጥ ሌላ የታወቀ ማብራሪያ አለ። "ደኑ ተጨፈጨፈ፣ ዝናቡም ሄደ።" አነጋገሩ ቀላል ነው፣ ልብም ይነካል። ምን ያህሉ ልክ ነው?

ደን ውሃ ወደ አየር ይመልሳል። ከኮንጎ እስከ ከፋ ያለው ደን ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ስለሚተነፍስ፣ አንድ ጊዜ የዘነበ ውሃ ተመልሶ ራቅ ብሎ ሊዘንብ ይችላል። በዚህ በኩል ደን የዝውውሩ አካል ነው። ሰፊ ደን ሲጠፋ ከነፋሱ ወራጅ በኩል ያለው አገር ዝናብ ሊቀንስበት እንደሚችል ብዙ ጥናት ያመለክታል። ለእኛ ስለ ኮንጎ ደን ማሰብ ከዚህ አንጻር የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን አንድ ወረዳ ላይ ዛፍ መቆረጡ በዚያው ወረዳ የዘንድሮውን ዝናብ አስቀረው ማለት አይቻልም። የአንድን ዓመት ዝናብ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በዋናነት የውቅያኖስ ሙቀትና የነፋሱ መንገድ ነው። የደኑ መመናመን ወዲያው የሚታየው መሬት ላይ ነው። ውሃው አይሰርግም፣ ምንጩ ቶሎ ይደርቃል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ጥላ ያጣው ቡና ይቃጠላል። ሰዎች "ዝናብ ቀነሰ" ሲሉ አንዳንዴ የሚያዩት የቀነሰውን ውሃ ነው። ዝናቡ ያው ሆኖ ውሃው የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መፍትሔው ግን የተለያየ ነው።

ሙቀቱ ሲጨምር ዝውውሩ ምን ይሆናል?

እዚህ የምናውቀውንና ገና የሚያከራክረውን መለየት ግድ ነው።

የማያከራክረው ይህ ነው። ዓለም ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ሞቃለች፤ ምክንያቱም በዋናነት ሰው የሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. 2024 ከዚያ ዘመን አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ብዙ ይወርዳል። ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ ያው የጠማው አየር ከአፈሩ ብዙ ውሃ ይመጥጣል። ጎርፍም ድርቅም በአንድ ላይ ከበዱ የሚባለው እርስ በርሱ አይጋጭም። የአደጋን መንስኤ የሚመረምረው ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን፣ ለአምስቱ የከሸፉ ወቅቶች ድርቅ ሙቀቱ ያስከተለው ትነት ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ደምድሟል። የዝናቡ ጉድለት ግን በከፊል ከላኒና ጋር የተያያዘ ነበር።

የሚያከራክረው የነፋሱ መንገድ ነው። ለምሳሌ የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ ታይቷል፤ ይህ ዘመን አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያኑ ነው። የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን በሙቀቱ ምክንያት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶች ራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ብለው ይጠሩታል። አንዱ ወገን ሞዴሎቹ የፓሲፊክን ዝውውር በትክክል አልያዙትም ይላል፤ በእርግጥም ባለፉት አሥርት ዓመታት የዎከር ዝውውር ሲበረታ ታይቷል፣ ሞዴሎቹ ግን ይደክማል ሲሉ ነበር። ሌላው ወገን የታየው ቅነሳ የተፈጥሮ መዋዠቅ ነው፣ ውሎ አድሮ ዝናቡ ይጨምራል ይላል። ማስረጃው ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ትቷል። ስለዚህ "በ20 ዓመት ውስጥ ጅማ በረሃ ትሆናለች" የሚልም፣ "ዝናባችን ሊነካ አይችልም" የሚልም ከማስረጃው ቀድሞ እየሮጠ ነው።

በመካከለኛው ኬክሮስም ተመሳሳይ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ክረምት ሩሲያ ላይ አንድ ከፍተኛ የአየር ግፊት ለሳምንታት ተገትሮ ቆመ። ሩሲያ በሙቀትና በእሳት ነደደች። ያው የተዛባ ዝውውር በፓኪስታን ላይ ከሞንሱኑ፣ ማለትም ከወቅታዊው የዝናብ ነፋስ፣ ጋር ተገናኝቶ ታሪካዊ ጎርፍ አስከተለ። ሁለት አደጋ፣ አንድ ነፋስ። እንዲህ ያለው መገተር በሙቀቱ ምክንያት እየበዛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ባለሙያዎች አሁንም አልተስማሙም።

ሰማይና መሬት ሲገናኙ

ኃይለኛ ዝናብ በራሱ አደጋ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲቀጥፍ፣ ከሰማዩ ዶፍ ጋር ቁልቁለቱም ነበር። የጅማ ቁልቁለቶችም ከዚያ አገር መሬት ብዙ አይለዩም። አዌቱ ዳር ያለ ቤትም የሚጎዳው ከሰማይ በወረደው ብቻ ሳይሆን፣ ቱቦው በደረቅ ቆሻሻ መደፈኑም ተጨምሮበት ነው።

የጊቤ ውሃ ደግሞ ከጅማ አልፎ የአገር ጉዳይ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ውሃቸው የሚሰበሰበው ከዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ነው። ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ አንድ ክረምት ሲደክም አዲስ አበባ ያለ አምፖልም ይመለከተዋል።

ትንበያውን ማንበብ

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የወቅት ትንበያ የሚያወጡት በዕድል ቋንቋ ነው። ሦስት ሳጥን አለ፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 በመቶ ተብሎ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ማለት ተመሳሳይ ምልክት በነበረባቸው 20 ዓመታት ውስጥ 9 ያህሉ እርጥብ፣ 7ቱ መካከለኛ፣ 4ቱ ደረቅ ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ ነው። ደረቁ ከመጣ ትንበያው አልዋሸም፤ አራቱም ተቆጥረው ነበር። ችግሩ ዜናው ወደ ሕዝብ ሲወርድ ቁጥሮቹ ይቀሩና "ዘንድሮ ዝናብ ይበዛል" የሚለው ብቻ ይቀራል። ይህ የትንበያው ሳይሆን የአነጋገሩ ጥፋት ነው። መገናኛ ብዙኃን ካርታውን ከነቁጥሩ ቢያሳዩ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ካርታው ላይ ጅማ ያለችበትን ቀለም ማየት ከሁሉ ይቀድማል፤ የአዲስ አበባውን ወይም የድሬዳዋውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ትንበያው ስለ የትኛው ወቅት እንደሚናገር መለየት ነው። የክረምቱ ለበቆሎውና ለጤፉ ነው። የበልጉ ለአበባው። የበጋው ደግሞ ለስጡ። ይህ የመጨረሻው የሚወጣው ከበጋው መግቢያ በፊት፣ ቡናው መቅላት በሚጀምርበት ሰሞን ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ሞቋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ሊዘንብ ይችላል ከተባለ፣ አልጋውን ለማደስና ለመሸፈኛ ላስቲክ ለመግዛት ሳምንታት ይቀራሉ።